ሪፖርቱ ጠግቦ ያድራል፤ መምህሩ ጦሙን

(ከዚህ በታች የሚነበበው የጋዜጣችን ተባባሪ ጸሐፊ በወላይታ ዞን ሃላሌ ከተማ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረገው ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ታርሟል እንጂ ቃሉ የተናጋሪው ነው። - ዝግጅት ክፍሉ)



ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። እኔ ምሁር አይደለሁም። ዲፕሎማ ያለኝ፣ በአንድ ወቅት ጠመኔ ጨብጬ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ፣ ዛሬ ደግሞ ጽሑፌን ይዤ ከዝግጅት ክፍል ዝግጅት ክፍል የምዞር ሰው ነኝ። የጋበዙኝ ወዳጆቼ «ስለ መምህራን ስልጠና፣ ስለ ትምህርት ቤት በጀትና ስለ ሪፖርት ተናገርልን» ሲሉኝ «ሦስት ርዕስ ነው የሰጣችሁኝ ወይስ አንድ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። መንገድ ላይ ሳሰላስለው ግን አንድ ሆኖ አገኘሁት። ስልጠናው ለሪፖርት ነው፤ በጀቱ በሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱ ራሱ ለማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ከሶዶ ወደዚህ ወደ ኪንዶ ዲዳዬ የሚመጣ ሰው ፊቱን ወደ ኦሞ አድርጎ ነው የሚጓዘው። በዚህ ወረዳና በማዶው በዳውሮ ሎማ መካከል የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት በታህሳስ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ግድብ ነው። እሰየው! አገር ሲለማ የሚከፋው የለም። በየዓመቱ ርዕሰ መምህሩ የሚሞላው የስታቲስቲክስ ቅጽ ላይ ደግሞ «ኤሌክትሪክ አለ? ውኃ አለ? መጸዳጃ አለ?» የሚል መጠይቅ እንዳለ መምህራን ታውቃላችሁ። ኧረ ለመሆኑ በዚህ አገር ስንት ርዕሰ መምህር ይሆን በኩራዝ ብርሃን አቀርቅሮ «የለም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ሲያደርግ ያመሸው? እሱ እንኳ እውነቱን ጽፏል፤ ይመስገን። የኔ ነገር ግን ከዚያ የባሰ ነው።

ስለ ራሴ ልናገር። ኮሌጅ ጨርሼ የተመደብኩበትን ወረዳም ሆነ ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። ሰዎቹ ዛሬም እንጀራቸውን እየበሉ ነው፤ ጥፋቱም የነሱ ብቻ አልነበረም። ጊዜው የቢፒአር፣ የቢኤስሲ፣ የአንድ ለአምስትና የለውጥ ሠራዊት ጊዜ ነው። መመሪያው መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያደርግ ያዛል። ክፉ መመሪያ አይደለም፤ እንዲያውም በደንብ ቢሠራበት መምህር ከመምህር የሚማርበት፣ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ የሚያይበት፣ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። እኛ ግን እንዲህ ነበር ያደረግነው። አንድ ሐሙስ ማታ ርዕሰ መምህራችን ጠሩንና «ነገ ከወረዳ ሰዎች ስለሚመጡ ፖርትፎሊዮ ይሟላ» አሉን። ቁጭ ብለን የስድስት ወሩን በአንድ ሌሊት ጻፍነው። ቀኑን እየቀያየርን፣ እስክሪብቶውን እየቀያየርን፤ አንዱን ገጽ በሰማያዊ፣ አንዱን በጥቁር። ያረጀ እንዲመስል ወረቀቱን ጨምድዶ የዘረጋ ጓደኛም ነበረን። በማግስቱ የመጡት ሰውዬ ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና «በጣም ጥሩ ነው፤ ሞዴል ናችሁ» ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

በዚያው ዓመት የአምስት ቀን ስልጠና ተብሎ ተጠራን። ሁለት ቀን ሰለጠንን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የአምስት ቀን የስም መቆጣጠሪያ አምጥተው አስፈረሙን። ያለመፈረም ይቻል ነበር ወይ? ይቻል ነበር። አልደፈርኩም። አበሉም አማሎኛል፤ ይህን ደብቄ ስለ ሙስና ባወራችሁ ውሸታም እሆናለሁ። ፈረምኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የምንስቅበት ታሪክ በሆነ። አላበቃም። አንዲት የሥራ ባልደረባችን አንደኛ ክፍል እንድታስተምር ተመደበች። 62 ሕጻናት። በወላይትኛ ማንበብና መጻፍ ልታስተምር ነው፤ እሷ ግን የተማረችው ሌላ ትምህርት ነው። ልጅን ከፊደል ጋር እንዴት እንደሚያስተዋውቁት ማንም አላሳያትም። አፍ መፍቻዋ ስለሆነ ይበቃል ተብሎ ነው። ቋንቋ መናገርና ንባብ ማስተማር አንድ ይመስል! ስልጠና እንዲሰጣት ማመልከቻ ጽፋ ወረዳ ድረስ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ኃላፊው ማመልከቻውን አነበቡ፤ ፋይል አወጡ፤ ከዚያ እንዲህ አሏት፤ «እህቴ፣ የእናንተ ትምህርት ቤት መቶ በመቶ ሰልጥኗል ተብሎ ወደ በላይ ሪፖርት ተደርጓል። መቶ በመቶ የሰለጠነን ሰው ደግሜ ባሰለጥን ኦዲተር ምን ይለኛል?» ወረቀቱን ወደ እኛ አዞሩልን። ከፈረሙት ስሞች መካከል የኔ ሦስተኛው ነበር።

እሷ አልተናገረችኝም። ስንመለስ መንገድ ላይ ስለ ዝናቡ ነበር የምታወራው። እነዚያ 62 ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ስንቶቹ አንብበው፣ ስንቶቹ ሳያነቡ እንዳለፉ የሚያውቅ የለም፤ በሪፖርቱ ግን ሁሉም ወደ ሁለተኛ ክፍል ተዛውረዋል።

ይህ የኔ ብቻ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች የንባብ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት ልጅ አንዱ ማለት ነው! እነዚህ ልጆች በስታቲስቲክስ መጽሐፉ ላይ «ተማሪ» ተብለው የተቆጠሩ፣ አገሪቱ «ትምህርት ለሁሉም ተዳረሰ» ብላ የተሸለመችባቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች፣ ወላይትኛንም ጨምሮ፣ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ መምህራንም ሰለጠኑ። ይህ ደግሞ በእውነት የተሠራ ሥራ ነው፤ የሚመሰገነው ይመስገን። ግን የማን ገንዘብ ነበር? የአሜሪካ። ያ ድርጅት ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር ማብቂያ ላይ በራሱ አገር መንግሥት ተዘጋ። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ሰው ፈርሞ ሲዘጋው እኛ ልጆቻችንን ማንበብ የምናስተምርበት ገንዘብ አብሮ የሚዘጋ ከሆነ፣ መጀመሪያውንም በሰው ምርኩዝ ነበር የቆምነው።

ወላይታ ከላይ የወረደ ነገር ምን እንደሚያመጣ ካዩት ሁሉ ቀድሞ ያየ ሕዝብ ነው። ወጋጎዳን የማያስታውስ አለ? ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፤ የአራቱ ቋንቋዎች ተጨፍልቀው አንድ መጽሐፍ ተዘጋጀና «በዚህ አስተምሩ» ተባለ። አስተማሪውን፣ ወላጁን የጠየቀ አልነበረም። በኅዳር 1992 ዓ.ም. ሶዶ ተነሣች። ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ፣ የተቃወሙ መምህራን ከቦታቸው ተነሡ። በመጨረሻ መጽሐፉ ቀረ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታም የራሱን ዞን አገኘ። እኔ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ግን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። መጽሐፉ እስኪታተምና እስኪጫን ድረስ በየደረጃው የተቀመጠ ባለሥልጣን ሁሉ «ሕዝቡ ይህን አይቀበልም» ብሎ የጻፈ አንድ ገጽ ወደ ላይ ቢልክና የሚያነብ ቢገኝ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ደም ይፈስ ነበር?

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ወላጆች በተለይ ይህን ስሙኝ፤ ነገሩ እንደሚመስለው ውስብስብ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ለክልል ድጎማ ይሰጣል። ቀመሩን የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳ ያከፋፍላል። የመምህሩ ደመወዝ የሚከፈለው ከዚህ ከወረዳው ቋት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከምርጫ 97 ቀውስ በኋላ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን ሲያቋርጡ እንኳ «መሠረታዊ አገልግሎት» በሚል ስም ገንዘቡ ወደ ወረዳ መውረዱን ቀጥሎ ነበር፤ ምክንያቱም መምህሩና ጤና ጣቢያው ከቆሙ አገር እንደሚቆም ያውቁ ነበር። ወረዳው ከሚያገኘው ላይ ደመወዝ ሲነሣ የሚተርፈው ለጠመኔና ለነዳጅ ነው። እንግዲህ ከዚህ ቋት አንድ ሰው እጁን አስገብቶ ለሌላ ነገር ቢወስድ መጀመሪያ የሚጎድለው ምንድን ነው? እሱን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በወላይታ በተለያዩ ወረዳዎች ደመወዝ ዘገየ፤ ተቆራረጠ፤ ግማሽ ተከፈለ፤ ጭራሽ የቀረበትም ወር ነበር። መምህራን ማስተማር አቆሙ። ሲነገሩ ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነው። ገበሬው የወሰደው ማዳበሪያ ዕዳ ሳይመለስ ሲቀር ከወረዳው በጀት ይቆረጣል፤ ወረዳውም ባዶ ካዝና ይዞ ይቀመጣል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በደቡብ ኢትዮጵያና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች የደመወዝ አለመከፈልን ጉዳይ አንሥቶ መግለጫ አውጥቷል። እስቲ አስቡት! ማዳበሪያውን ያልወሰደ፣ በቆሎውን ያላጨደ መምህር የማዳበሪያ ዕዳ ከፋይ ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

በዚያን ወቅት ያነጋገርኩት አንድ መምህር የነገረኝን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ ይህ የወላይታ ወግ መሆኑን ለእናንተ አልነግርም። ደመወዙ ሲቀር ቁጠባው ተቋረጠ። ጎረቤቶቹ «ግዴለም ቲቸር፣ ኋላ ትከፍላለህ» ብለው ድርሻውን ሊሰጡት ነበር። እምቢ አለ። «ተማሪዎቼ አባታቸው የገዛልኝን ሥጋ ስበላ እንዲያዩኝ አልፈለግሁም» አለኝ። በጊፋታ ቀን እሱ ቤት የተበላው ቦዬና ዳታ ነው። ሚስቱም በቅቤ ቁጠባዋ በኩል እንደዚሁ ቀርቶባታል። እኔ ስለ ሰውየው ኩራት እያሰብኩ ሳለ እሱ ቀጠለና «የሚያናድደኝ ግን» አለኝ፣ «በዚያው ሩብ ዓመት የወረዳው ሪፖርት የመማር ማስተማሩ ሥራ በተያዘለት ዕቅድ መሠረት ተከናውኗል ይል ነበር።»

ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር እኮ!

ደመወዙ ላይ ትንሽ ልጨምርና ልለፈው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ፤ ገበያውን ታስታውሱታላችሁ። ከዚያ ጭማሪ መጣ፤ ከ2018 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ። ጥሩ ነው። ግን ቅድም ያልኳችሁን ቋት አስቡት። ጭማሪውን የሚወስነው አዲስ አበባ ነው፤ በየወሩ መጨረሻ ፔሮሉን ይዞ ወደ ባንክ የሚሄደው ወረዳው ነው። ቋቱ በዚያው ልክ ካልሰፋ ጭማሪ ራሱ ዕዳ ይሆናል። ጠያቂ ያስፈልገዋል። ክልሉ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ነው፤ መቀመጫውም ሶዶ ነው። «ሐዋሳ ሩቅ ነው» የሚባለው ሰበብ ዛሬ የለም። ደጃችን መጥተዋል፤ ታዲያ ደጃቸውን እናንኳኳ!

የትምህርት ቤት ድጎማስ? ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ ይላክ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር የመደበበት ቀጣዩ ምዕራፍ መጣ፤ አሠራሩም ተለወጠና ውጤት ታይቶ ገንዘብ የሚለቀቅበት ሆነ። ሐሳቡን ሳየው አልጠላሁትም። ግን በቁጥር ልክ ገንዘብ በሚመጣበት አገር ቁጥሩን የሚጽፈውና ገንዘቡን የሚጠብቀው አንድ ሰው ከሆነ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የዓለም ባንክ መሆን አያስፈልግም። ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ስሙ ከመዝገብ አይፋቅም። ርዕሰ መምህሩን ሌባ ማለቴ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ወደ ኪሱ አይከትም፤ ለጣራ ቆርቆሮ፣ ለዴስክ ማስጠገኛ ነው። ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ በእውነት ቢጽፍ ጣራው ያፈሳል፤ በዚያ ላይ «የማቋረጥ ምጣኔ ጨመረብህ» ተብሎ ይገመገማል። እውነት የተናገረ የሚቀጣበት፣ የዋሸ የሚሸለምበት ቅጽ ሠርተው ሰጡት፤ እሱም እንደ ቅጹ ኖረ።

ታዲያ አንድ ጊዜ ብቻ ማንም ማታ ቁጭ ብሎ ሊሞላው የማይችል ሪፖርት መጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። የ2014ቱ ፈተና ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በጥበቃ ሲፈተኑ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2፤ በ2016 5.4፤ በ2017 8.4። አገር ደነገጠ። እኔ አልደነገጥኩም። ያን ሌሊት በሁለት እስክሪብቶ ስንጽፈው የነበረው ውጤት ነው ተደምሮ የመጣው። የሚያሳዝነው ግን ቅጣቱ ያረፈው በማን ላይ ነው? ፖርትፎሊዮውን አገላብጠው «ሞዴል» ያሉን ሰውዬ አልወደቁም። ልጁ ነው የወደቀ። ከዚያም ጣት ወደ መምህሩ ተቀሰረ፤ «ብቃት የለውም» ተባለ፤ ክረምት ክረምት በየዩኒቨርሲቲው ስልጠናና ምዘና ተጀመረ። ስልጠናውን አልቃወምም፤ ዘግይቶ መጣ እንጂ ይገባል። ሆኖም «ለዓመታት መቶ በመቶ ሰልጥኗል ስትሉን የነበራችሁ ሰዎች፣ ያ የሰለጠነው መምህር የት ገባ?» ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም።

አሁን ከጎረቤት አንድ ነገር ላምጣ። ዩጋንዳ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 እስከ 1995 ድረስ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ከላከው የተማሪ ድጎማ ውስጥ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ እንደነበር ሪትቫ ሬይኒካና ያኮብ ስቬንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ደረሱበት። ከመቶ ብር አሥራ ሦስት! ሌላው በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ቀለጠ። መንግሥቱ ምን አደረገ? አዲስ ሥልጠና አልጠራም፤ ኮሚቴ አላቋቋመም። ለየወረዳው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በግድግዳቸው ላይ እንዲለጥፉ አዘዘ። በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። በኋላ የተነሡ ሌሎች አጥኚዎች «ለውጡ የጋዜጣው ብቻ አይደለም፤ ሌላም ምክንያት አለው» ብለዋል፤ ይሁን። እኔ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ጋዜጣን ለማሞገስ አይደለም የማወራው። ዋናው ነገር ሪፖርቱ አቅጣጫ መለወጡ ነው። ወደ ላይ ብቻ ይሄድ የነበረው ወረቀት ወደ ታች፣ ወደ ወላጁ ተመለሰ።

እኛስ ይህን ለማድረግ ምን ያግደናል? ወላጅ መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ። በግድግዳው ላይ አራት ቁጥር ይለጠፍ፦ በዚህ ዓመት ስንት ብር ተላከ፣ ስንት ብር ደረሰ፣ መምህራኑ ስንት ቀን ሰለጠኑ፣ ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ስንት ናቸው። ማንበብ የማይችል አባት ልጁን ያስነብባል፤ ልጁ ማንበብ ካልቻለም፣ ያ ራሱ አምስተኛው ቁጥር ነው። ከወላጅ የተሰበሰበ መዋጮም ከሆነ በሞዴል 19 ደረሰኝ ይሁንና ጉርዱን ወላጁ አይቶ ያመሳክር።

ለእናንተ ለመምህራን ደግሞ አንድ የምለው አለ፤ እኔ ያልቻልኩት ስለሆነ እያፈርኩ ነው የምለው። ላልሰለጠናችሁበት ቀን አትፈርሙ። አውቃለሁ፣ አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ሲል ዝውውር ይጠብቀዋል። የብቻ እምቢታ በዚህ አገር ምን እንዳስከፈለ መምህራን ታውቃላችሁ። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በኢሕአዴግ ዘመን ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ነጻው ወገን ሲሳደድ ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታስረዋል፤ አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገድለዋል። እነዚህ ሰዎች ምን ጠየቁ? መምህሩ ስለ ራሱ ሥራ የሚናገርበት የራሱ አፍ ይኑረው ነው ያሉት። ስለዚህ ብቻችሁን እምቢ በሉ አልላችሁም። አሥራ አምስት መምህር ባለበት ትምህርት ቤት አሥራ አምስቱም «ሁለት ቀን ነው የሰለጠንነው» ብለው ቢጽፉ አሥራ አምስት ሰው ባንድ ቀን የሚያዛውር ወረዳ የለም። የሚተካውን ከየት ያመጣል?

አንድ አባት እዚያ ጋ እጃቸውን አውጥተዋል፤ ቀደም ሲል ውጭ ላይ የጠየቁኝን ሊደግሙት መሰለኝ። «ልጄ፣ አንተ ይህን ተናግረህ ነገ ትሄዳለህ፤ እኛስ?» ነበር ያሉኝ። አባባ፣ እውነት ነው፤ እሄዳለሁ። መኪናው ነገ ጠዋት እስኪሞላ ድረስ ግን እዚሁ ነኝ። የተቆረጠ ደመወዝ የሚያሳይ የፔሮል ቅጂ፣ ያልተሰጠ ስልጠና የተፈረመበት ወረቀት፣ የደረሰና ያልደረሰ የድጎማ ደብዳቤ ያለው ይዞ ይምጣ። ስሙን ሸፍኜ፣ ቁጥሩን ገልጬ አወጣዋለሁ። ቅጂ የሌለው ቁጭ ብሎ ይንገረኝና እጽፋለሁ። እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ አንድ ብቻ ነው፣ ሰማያዊ።